ክብደት ለመቀነስ አመጋገብ ወይስ የሰውነት እንቅስቃሴ? ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላማ አካባቢ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ክብደታቸውን ለመቀነስ የሚፈልጉ ተገልጋዮች በጤና ተቋማት ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ስፖርት ልሥራ ወይስ ምግብ ልቀንስ?» የሚለው ነው። ለጥያቄው የሚሰጠው አጭር መልስ፣ ክብደትን በመቀነስ ረገድ የአመጋገብ ድርሻ ከእንቅስቃሴ ድርሻ ይበልጣል የሚል ነው። የቀነሰው ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣ በማድረግ፣ እንዲሁም ልብን፣ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን በመጠበቅ ረገድ ግን እንቅስቃሴ በምግብ ሊተካ የማይችል ጥቅም አለው። ከሁለቱም በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄም አለ፤ ይኸውም ክብደት መቀነስ የሚያስፈልገው ማን ነው የሚለው ነው። በይፋት ቆላ ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ክብደት መቀነስ የሚያስፈልገው ማን ነው?

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወደተመሠረተችው ወደዚህች ሞቃት ከተማ ይደርሳል። በዙሪያዋ ባለው የቀወት ወረዳና ከዚያ ወዲያ በኤፍራታና ግድም የሚኖረው አርሶ አደር ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ያመርታል፤ ውኃ በሚደርስበት ማሳ ላይም ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፓፓያና ማንጎ ያለማል። ሥራው ከንጋት እስከ ምሽት ጉልበት የሚጠይቅ ነው። በከተማው ውስጥ ግን ኑሮ ሌላ መልክ ይዟል። ባለ ሱቁ፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ የባጃጅና የጭነት መኪና አሽከርካሪው የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ተቀምጠው ያሳልፋሉ። በመሆኑም በአንድ ወረዳ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ ክብደት መቀነስ የሚገባውና ክብደት መጨመር የሚገባው ሰው በአንድ ማዕድ ሊቀርቡ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን ሁኔታ በአገር አቀፍ ደረጃ ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 22 በመቶው ከሚገባው በታች ክብደት ሲኖራቸው፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ ክብደት ነበራቸው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሮቹ 27 እና 6 በመቶ ነበሩ። ከሚገባው በላይ ክብደት ያላቸው እየጨመሩ መምጣታቸው ግልጽ ቢሆንም፣ ክብደታቸው ያነሰው በቁጥር አሁንም ይበልጣሉ። በቅርብ ዓመታት በተከሰተው ግጭት ምክንያት ብዙ ቤተሰቦች ንብረታቸውን ባጡበት በይፋት አካባቢ፣ ክብደት መቀነስን ለሁሉም ሰው በጅምላ መምከር ተገቢ አይሆንም።

መለያው መንገድ ቀላል ነው። የአንድን ሰው ክብደት በኪሎ ግራም ይዞ፣ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ሲባዛ ለሚገኘው ቁጥር ማካፈል ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 80 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው 1.70ን በ1.70 ሲያባዛ 2.89 ያገኛል፤ 80 ለ2.89 ሲካፈል 27.7 ይሆናል። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ክብደቱ ከሚገባው ያነሰ ነው፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ ነው፤ ከ25 እስከ 29.9 ከሚገባው የበለጠ ነው፤ 30 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። በምሳሌው የተጠቀሰው ሰው እንግዲህ መቀነስ ይኖርበታል፤ ነገር ግን ወደ ወጣትነት ክብደቱ መመለስ አይጠበቅበትም። ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም ከ4 እስከ 8 ኪሎ ግራም ቢቀንስ የደም ግፊቱና የደም ስኳሩ ላይ የሚታይ ለውጥ ያገኛል።

ይህ ስሌት የማያሳየው ነገር ቢኖር ስቡ የተከማቸበትን ቦታ ነው። በተለምዶ ቦርጭ የሚባለው በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ በዳሌና በጭን ላይ ካለው ይልቅ ከስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር የተቀራረበ ግንኙነት አለው። የወገብ ዙሪያ ልክ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ፣ እጅና እግሩ ቀጭን የሆነ ሰው ጭምር ምርመራ ቢያደርግ ይመከራል። «ተመችቶታል» እየተባለ እንደ ምቾትና እንደ ሀብት ምልክት የሚታየው ቦርጭ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና በዕድገት ላይ ያሉ ልጆች ያለ ባለሙያ ምክር ምግብ መቀነስ የለባቸውም። ሳይሞክሩ ክብደታቸው የሚቀንስ ሰዎች ደግሞ ደስ ሊላቸው አይገባም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት የሚያልብ ትኩሳት፣ ወይም ከብዙ ውኃ ጥምና ከተደጋጋሚ ሽንት ጋር የሚመጣ መክሳት የሳንባ ነቀርሳ ወይም የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በአፋጣኝ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

አመጋገብ የሚያመዝነው ለምንድን ነው?

ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውና በሥራ የሚያወጣው ኃይል በኪሎ ካሎሪ ይለካል። ከወጪው የበለጠ ሲገባ ትርፉ በስብ መልክ ይቀመጣል፤ ከወጪው ያነሰ ሲገባ ጉድለቱ ከተቀመጠው ስብ ይሸፈናል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ምግብ መቀነስና እንቅስቃሴ መጨመር እኩል መስለው ይታያሉ። ልዩነቱ የሚገለጠው ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሜዳማ መንገድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለአንድ ሰዓት ቢራመድ፣ ተቀምጦ ቢቆይ ኖሮ ከሚያወጣው በላይ የሚያወጣው ኃይል ወደ 180 ኪሎ ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ አለው። ስለዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ ያወጣው ኃይል ወጥ ውስጥ ከገቡ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያንሳል። መንገዱ ጊዜና ቁርጠኝነት ይጠይቃል፤ ሁለቱ ማንኪያ ዘይት ግን ሳይታወቅ ከጉርሻ ጋር ያልፋል። የአመጋገብ ድርሻ የሚያመዝነው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሰውነት ሂሳቡን በራሱ የሚያስተካክል መሆኑ ነው። ጠዋት የሮጠ ሰው ከሰዓት በኋላ ይበልጥ ይርበዋል፤ ቀሪውን ቀንም ሳያስበው አረፍ ይላል። በሰሜን ታንዛኒያ በአደንና የዱር ፍሬ በመልቀም የሚተዳደሩት የሃድዛ ማኅበረሰብ አባላት በየዕለቱ ረጅም መንገድ በእግር ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እነዚህ ሰዎች በቀን የሚያወጡትን ጠቅላላ ኃይል ለክቶ፣ የሰውነት መጠን ልዩነት ከግምት ሲገባ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። ተመራማሪዎቹ ይህን የተረዱት ብዙ መንቀሳቀስ የለመደ ሰውነት ኃይሉን ከሌላ ቦታ ይቆጥባል በሚል ነው። በእንቅስቃሴ ብቻ ክብደት ለመቀነስ የሚሞክሩ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካገኙት ውጤት በኋላ ለምን ቆመው እንደሚቀሩ ከዚህ በከፊል መረዳት ይቻላል።

ታዲያ የይፋት አርሶ አደር ቀጭን የሆነው በምንድን ነው ሊባል ይችላል። በሥራውም በምግቡም ነው። ማሳ ሲያርምና ሰብል ሲያጭድ የሚውል ሰው የሚያወጣው ጉልበት ከግማሽ ሰዓት ሩጫ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በከተማ የሚኖር ሰው ያን ያህል ለመንቀሳቀስ ሥራውን መተው ይኖርበታል። ማዕዱም ቢሆን የማሽላ እንጀራና ጥቂት ዘይት ያለው ሽሮ ነው፤ ክረምቱ ገብቶ ጎተራው ሲጎድል ደግሞ ሥራው እየከበደ ምግቡ ይቀንሳል። የእርሱ ልጅ ወደ ከተማ ገብቶ ሱቅ ሲከፍት ያንኑ ያህል እንጀራ መብላቱን ይቀጥላል፤ ወጡ ግን ዘይት ይበዛበታል፣ ሻይው ስኳር ይጨመርበታል፣ እግሩም በባጃጅ ይተካል። ሰውየው «የተለየ ነገር አልበላሁም» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ሁሉ ነው።

በሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ በተለይ መታረም ያለበት አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ላብ ስብ እየቀለጠ መሆኑን ያሳያል የሚለው ነው። በቆላ ሰው ተቀምጦም ያልበዋል። ከሩጫ በኋላ ሚዛን ላይ ወጥቶ አንድ ኪሎ ግራም ጎድሎ ያገኘ ሰው ያጣው አንድ ሊትር ያህል ውኃ ነው፤ ውኃውን ሲጠጣ ክብደቱ ይመለሳል። ላብ ለማብዛት ሲባል ፕላስቲክ ለብሶ ወይም ጃኬት ደርቦ በፀሐይ መሮጥ፣ ከዚያም ውኃ ከመጠጣት መቆጠብ ኩላሊትን ሊጎዳና ሰውነት ከመጠን በላይ እንዲግል በማድረግ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ከስቡ ላይ የሚቀንሰው ነገር ግን የለም።

ከማዕዱ ላይ ምን ይቀነስ?

ብዙ ሰው ክብደት ለመቀነስ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራጠረው እንጀራውን ነው። የጤፍ እንጀራ ያወፍራል፣ የማሽላው ግን አያወፍርም የሚል አነጋገርም ይሰማል። በኃይል ይዘት ሁለቱ ብዙም አይለያዩም፤ 100 ግራም የጤፍም ሆነ የማሽላ ዱቄት ከ330 እስከ 370 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ሚዛኑን የሚወስነው የእንጀራው ብዛትና አብሮት የሚቀርበው ወጥ ነው። ሁለት እንጀራ የለመደ ሰው አንድ ተኩል ቢያደርግ ለውጥ ያመጣል፤ እንጀራን ጨርሶ መተው ግን ለአካባቢው ኑሮ የማይስማማ በመሆኑ ከጥቂት ሳምንት በላይ አይዘልቅም።

የምግብ መጠንን በካሎሪ እየቆጠሩ መመገብ በግል ሳህን ለሚበላ ሰው የተዘጋጀ ዘዴ ነው። በአንድ ትሪ ዙሪያ በሚበላበት ቤት ማን ምን ያህል እንደበላ ማወቅ አይቻልም፤ «በሞቴ» እየተባለ የሚሰጥ ጉርሻም አይመዘንም። ስለዚህ መቆጣጠር የሚቻለው ከትሪው ይልቅ በድስቱ ነው። ለዚህ የሚያመቸው መለኪያ የዘይት ጄሪካን ነው። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ አንድ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ዘይት በ30 ቀን ይጨርሳል እንበል። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥቂት የሚበልጥ ዘይት፣ ማለትም 275 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይደርሰዋል። ያው ጄሪካን 45 ቀን እንዲቆይ ቢደረግ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ወደ 185 ኪሎ ካሎሪ ይወርዳል። ልዩነቱ 90 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። አንድም ሰው ከማዕድ ሳይነሣ፣ ለዘይት የሚወጣውም ገንዘብ እየቀነሰ ማለት ነው። ይህ የሚሳካው ወጥ የምትሠራው እመቤት ብቻዋን ስትታገል ሳይሆን ቤተሰቡ ተስማምቶ «ወጡ ደረቀ» ማለቱን ሲተው ነው። በቤቱ ውስጥ የከሱ ሕፃናት ወይም ነፍሰ ጡር ካሉ የእነርሱ ምግብ ለብቻው መታየት አለበት፤ ለአባወራው የበዛው ዘይት ለሁለት ዓመት ልጅ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዘይቱ ዓይነትም አንድ ነገር መባል አለበት። የሚረጋውም ሆነ የማይረጋው ዘይት የሚሰጠው የኃይል መጠን እኩል ነው፤ «ፈሳሽ ዘይት አያወፍርም» የሚባለው ትክክል አይደለም። ልዩነታቸው በልብና በደም ሥር ጤና ላይ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ የማይረጋው ይመረጣል።

ከዘይት ቀጥሎ የሚመጣው ስኳር ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ሻይ ወይም ቡና ጠጥቶ በእያንዳንዱ ስኒ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው 144 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስገባል። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። በሙቀት ወራት ጥምን በለስላሳ መጠጥ ማርካት በከተማው የተለመደ ቢሆንም፣ የመጠጥ ስኳር ሆድን ሳያጠግብ የሚያልፍ በመሆኑ ለክብደት መጨመር ከሌላው ይልቅ የተመቸ ነው። የቢራ ጠርሙስም በአማካይ 140 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ደግሞ ከዱቄቱ ይልቅ በጠጡት ዘይት ይከብዳሉ።

በአንጻሩ አካባቢው ራሱ የሚያመርተው ምግብ ለዚህ ጉዳይ እጅግ ተስማሚ ነው። ማሾ ከደረቅ ክብደቱ ሩብ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው፤ አሰርም በብዛት አለው። በአብዛኛው ለገበያ እየቀረበ ከአምራቹ ቤት የሚወጣው ይህ እህል፣ በክክ ወይም በምስር ፋንታ ወጥ ሆኖ ቢቀርብ በትንሽ እንጀራ ያጠግባል። 100 ግራም ፓፓያ 43 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብቻ ይይዛል። ፍሬ ሲጨመቅና ስኳር ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሰው በአንድ ጊዜ የማይበላቸው ሁለትና ሦስት ማንጎዎች ይገባሉ። ፍሬውን በጥርስ መብላት ይሻላል። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት በቂ አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይመገቡ ታውቋል። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የምግብ መመሪያም ልዩ ልዩ የምግብ ዓይነቶችን፣ በተለይም ጥራጥሬን፣ አትክልትንና ፍራፍሬን መመገብን፣ ስኳርን፣ ጨውንና ቅባትን ደግሞ መጠነኛ ማድረግን ይመክራል። ሽንኩርትና ቲማቲም በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ከሚጫንበት አካባቢ ይህ ምክር ሊርቅ አይገባም።

ጾም ክብደት ለመቀነስ የተሠራ ሥርዓት አይደለም፤ በራሱም ክብደት አይቀንስም። የእንስሳት ተዋጽኦ በማይበላበት ወቅት ዘይቱና ዳቦው ከበዛ፣ በረመዳንም ምሽት ሳምቡሳውና ጣፋጩ መጠጥ ከተደራረበ፣ ሰው ከጾሙ ወፍሮ ሊወጣ ይችላል። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ግን ጾም ከመጀመሩ በፊት ሐኪማቸውን ማነጋገር አለባቸው፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል መጾም የደም ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል።

ጫት የምግብ ፍላጎትን እንደሚያጠፋ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ይፋት የጻፈው ዓረባዊው ጸሐፊ አል-ዑመሪ እንኳ ጠቅሶታል። ሆኖም ጫት የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ አብሮት የሚወሰደው ለስላሳ መጠጥና ለውዝም በምሳ የቀረውን ይመልሳል። ለክብደት መቀነሻነት ሊታሰብ አይገባም።

እንቅስቃሴ ምን ይሠራል?

ከላይ የተባለው እንቅስቃሴ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ምግብ በመቀነስ ብቻ ክብደት የሚቀንስ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል። ጡንቻ ሲቀንስ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያወጣው ኃይልም ስለሚቀንስ፣ ወደ ቀድሞው አመጋገብ በተመለሰ ጊዜ ክብደቱ በፍጥነት ይመለሳል። እንቅስቃሴ፣ በተለይም ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ ይህን ጉዳት ይቀንሳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረ ጥናት ብዙ ክብደት ቀንሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያቆዩ ሰዎች ተመዝግበው ሲጠየቁ፣ አብዛኞቹ አመጋገባቸውን ከመለወጣቸው በተጨማሪ በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ተናግረዋል። በአጭሩ ክብደቱን የሚያወርደው በአብዛኛው ምግብ ሲሆን፣ ወርዶ እንዲቆይ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው።

ሚዛኑ ምንም ባያሳይ እንኳ እንቅስቃሴ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ጡንቻ ስኳርን ከደም ውስጥ በቀላሉ እንዲወስድ ያደርጋል፣ እንቅልፍንም ያሻሽላል። አንድ ወር ተራምዶ «ምንም አልቀነስኩም» ብሎ የሚያቆም ሰው በሚዛን የማይታየውን ትልቁን ጥቅም ጥሎ ይሄዳል። የሁለቱን ጥምረት ውጤት ከሚያሳዩት መካከል እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ይጠቀሳል። የደም ስኳራቸው ከጤናማው መጠን ከፍ ያለ፣ ነገር ግን የስኳር በሽታ ያልያዛቸው 3,234 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከእነዚህ መካከል ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት፣ ይህ ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። መድኃኒት ብቻ በተሰጣቸው ዘንድ ቅነሳው 31 በመቶ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ነው። መካከለኛ የሚባለው እየተነጋገሩ ሊያደርጉት የሚቻል፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ለዚህ ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። በባጃጅ የሚኬድን አጭር መንገድ ጠዋትና ማታ በእግር መሄድ በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃውን ይሞላል፤ ከወንበር ላይ እጅ ሳይደግፉ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ በክንድ መግፋት ለጡንቻ ይበቃሉ። ቀኑን በማሳ ወይም በግንባታ ሥራ የሚያሳልፍ ሰው ተጨማሪ ስፖርት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ዕረፍትና በቂ ምግብ ነው።

ሰዓቱ ግን በቆላ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ባሉት ሙቀት የሚበረታባቸው ወራት እኩለ ቀን ላይ መሮጥ ፈጽሞ አይመከርም። ማታ የሚራመዱ ሰዎች አካባቢው የወባ ተጋላጭ መሆኑን አስታውሰው እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ቢለብሱና ከጨለማ በፊት ቢመለሱ ይሻላል። ትኩሳት ያለበት ሰው እስኪመረመር ድረስ እንቅስቃሴ ማቆም አለበት። በደረት ላይ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ መሳት የሚያጋጥመውም እንዲሁ።

ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ግራም መቀነስ ጤናማ ፍጥነት ነው። ከዚያ በላይ በአንድ ሳምንት የሚወርደው በአብዛኛው ውኃ ነው። በሁለትና በሦስት ሳምንት ብዙ ኪሎ እንደሚያስቀንሱ ተነግሮላቸው በገበያና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጡ እንክብሎች፣ ሻዮችና ዱቄቶች ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ወይም ሽንት የሚያበዙ ናቸው፤ በማሸጊያቸው ላይ ያልተጻፈ መድኃኒት የሚገኝባቸውም አሉ። ያልተመዘገበ ምርት ያጋጠመው ሰው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላል።

አገልግሎቱ የት ይገኛል?

ክብደትና ቁመት የመለካት፣ የደም ግፊት የመመርመርና የአመጋገብ ምክር የመስጠት አገልግሎት በጤና ጣቢያዎች ይሰጣል። በገጠር ቀበሌዎች የሚገኙ ነዋሪዎች በመጀመሪያ በጤና ኬላ የሚሠሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ማነጋገር ይችላሉ። ዕድሜያቸው 30 ዓመት የሞላቸው አዋቂዎች፣ ሕመም ባይሰማቸውም፣ የደም ግፊታቸውን በየዓመቱ ቢለኩ ይመከራል። የደም ስኳር ለመመርመር የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብ ተቆጥቦ ጠዋት ቢደርስ ውጤቱ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል፤ ውኃ መጠጣት ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል፤ ወደ ሆስፒታል የሚሄዱትም ከጤና ጣቢያ የሪፈራል ወረቀት ይዘው ቢቀርቡ አገልግሎቱን ያለ መጉላላት ያገኛሉ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

ክትትል የሚያደርጉ ተገልጋዮች በወር አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሚዛን፣ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ቢመዘኑና የወገብ ልካቸውን አብረው ቢመዘግቡ ለውጡን በትክክል ማወቅ ይችላሉ። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ዜጎች በጤና ሚኒስቴር ነጻ የስልክ መስመር 952 መደወል ይችላሉ።